የሸማኔው እግርና የማለዳዋ ቅጠል

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት።»

ምነው፣ ድምፃችሁ ከጉድጓድ የሚወጣ መሰለ እኮ። ራት አልበላችሁም እንዴ? በሉ እንደገና። ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

እሰይ፣ እንደዚያ ነው እንጂ። ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺ ደግሞ ያንን ትራስ አምጪልኝ። አይ፣ ከራስጌ አይደለም፣ ከእግሬ ሥር ነው ያልኩት። እግር ከፍ ይበል ያሉ አንዲት ሴት ነበሩ። የዛሬው ተረት የሳቸው ነው። የሳቸውና የአንድ ግትር ሸማኔ።

በድሮ ዘመን፣ ወንዝ ዳር ባለች አንዲት የሸማኔ መንደር፣ ባይለየኝ የሚባል ሰው ነበረ። ሚስቱ አትጠገብ ትባላለች። ልጃቸው አንዲት ናት፣ ይታይሽ። ባይለየኝ እጁ የተባረከ ሸማኔ ነበረ። የሸመነው ኩታ ሲታጠፍ ጭብጥ አይሞላም፣ ሲዘረጋ ግን ሁለት ሰው ያለብሳል ይሉ ነበር። እኔ አላየሁም። ያዩት ናቸው የነገሩኝ፣ እነሱም ውሸት አያውቁም።

ሸማኔ እንዴት እንደሚሠራ አይታችኋል? መሬቱን ይቆፍርና ጉድጓድ ያበጃል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጥና እግሮቹን ወደ ታች ይለቃቸዋል። ታች ሁለት መርገጫ አለ። አንዱን ሲረግጥ የድሩ እኩሌታ ብድግ ይላል፣ ሌላውን ሲረግጥ የቀረው እኩሌታ ይነሣል፣ በመሐሉ መወርወሪያው ማጉን ይዞ ውልብ ይላል። አላፊ አግዳሚው ቆሞ እጁን ያያል። «እጅህን ይባርከው» ይለዋል። እግርህን ይባርከው የሚለው ግን የለም። እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ነዋ፣ ማን አይቶት።

በዚያች መንደር ሁለት ደንብ ነበረ። ልብ በሉ፣ ነገሩ ሁሉ ከነዚህ ከሁለቱ ነው የሚመጣው። አንደኛው፣ የሸማኔ ልጅ ስትዳር አባቷ በገዛ እጁ የሸመነውን ኩታ ለብሳ ነው ከቤት የምትወጣው። የሌላ ሰው ሥራ ለብሳ ከወጣች «አባቷ እጁን ነፈጋት» ትባላለች፣ ስሟም በዚያው ይቀራል። ሁለተኛው ደግሞ፣ የሙሽራ ድር አንዴ ከተዘረጋ ሸማኔው ፀሐይ ከወጣችበት እስክትጠልቅ ድረስ ከጉድጓዱ አይነሣም። ድሩ በቀን ባዶውን ከተተወ ይቀየማል፣ የተቀየመ ድር የለበሰች ሙሽራም ትዳሯ እንደ ክር ይበጠሳል ይሉ ነበር። ማን እንዳወጣው እንጃ። ኩታው እንዲደርስለት የቸኮለ ባለሰርግ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ። ብቻ ሁሉም ይፈሩት ነበር፣ የሚፈሩትን ነገር ደግሞ ማን ይመረምራል።

ከዕለታት አንድ ቀን ይታይሽ ታጨች። ከወንዙ ማዶ ላሉ ገበሬዎች ነው የታጨችው፣ ልጁም የጨዋ ልጅ ነበረ። ሰርጉ ለጥር ሚካኤል ተቆረጠ። ታዲያ የሙሽራው አክስት፣ ምላሷ ሾል ያለ ሴት ነበረች፣ የሸማኔ ልጅ ናት አሉ፣ እስቲ ኩታዋን አይተን እንፈርዳለን ብላ ኖሯል። ወሬ መች ወንዝ ይከለክለዋል፣ ባይለየኝ ጆሮ ደረሰ። ባይለየኝ ሥራውን ቀጠለ። ነገሩ ግን አጥንቱ ውስጥ ገባ። ልጁን እንዲያ ባለ አፍ ላይ እንዳይጥላት ለራሱ ማለ።

አትጠገብ ሁለት ዓመት ሙሉ ለዚሁ ስትፈትል ከርማለች። ፈትሉ ቀጭን ነው፣ አጠገቡ ቢያስነጥሱ የሚበጠስ ይመስላል። ባይለየኝ በኅዳር ጽዮን ማግሥት ድሩን ዘረጋና ጉድጓዱ ገባ። ጥለቱን ሰፊ አደረገው፣ ክንድ የሚያህል። እንዲያ ያለ ጥለት በቀን ስንዝር ቢሄድ ነው። ከተጋ ለሰርጉ ይደርሳል፣ አንድ ሳምንት ከተኛ ግን አይደርስም። ይህን በሚገባ ያውቅ ነበር።

ለካስ እግሩ ቀድሞውኑ ታሞ ኖሯል። ሃያ ዓመት ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥሎ የኖረ እግር ምን ይሆናል? ጠዋት ይከብደዋል፣ ማታ ያቃጥለዋል። ባቱ ላይ የደም ሥሮቹ ወጥተው እንደ ሐረግ ተጠማዝዘዋል። ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ከባቱ አይለይም። ፀሐይ ጠልቃ ከጉድጓዱ ሲወጣ ግድግዳ ይዞ ነው የሚሄደው። ባይለየኝ ይህን ለማንም አልተናገረም፣ ወንድ አይደል። አንድ ቀን በተረፈ ድር እግሩን ጠፍሮ አሰረው። ሌላ ቀን ትኩስ አመድ ጉድጓዱ ውስጥ አፍስሶ እግሩን ቀበረበት። ኧረ ምኑ ቅጡ። እብጠቱ እየባሰበት ሄደ። አትጠገብ ሁሉንም ታያለች። አንድ ማታ እግሩን ልታጥበው ብትቀመጥ ሆዷ ባባ። በማግሥቱም ሳትነግረው ወንዝ ተሻገረችና እማማ እናኑን ይዛ መጣች።

እማማ እናኑ ቅጠል በጣሽ፣ ሥር ማሽ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሰማንያን ይለፍ አይለፍ እሳቸውም አያውቁት። ዳገት ሲወጡ ግን አብሯቸው የሚሄደው ጎልማሳ «እማማ፣ እሾህ ወጋኝ» እያለ ነበር የሚያርፈው። እንደ መድኃኒተኛ ሁሉ የመድኃኒታቸውን ስም አይናገሩም፣ ስሙ የተጠራ መድኃኒት ይረክሳል ይባል የለ። ሰው ግን ይወዳቸው ነበር። እኔም ሳላያቸው እወዳቸዋለሁ። ሌላው ባለመድኃኒት በሽታውን ያያል። እሳቸው ሰውየውን ነበር የሚያዩት።

መጥተው ጉድጓዱ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። ባይለየኝን አንድ እግሩን ከጉድጓዱ እንዲያወጣ አዘዙት። ባቱን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉና ለቀቁት። የጣታቸው ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። ጠበቁ። አልሞላም።

እማማ እናኑም፦ «አየህ ልጄ፣ አንተ ከጉድጓዱ አልወጣ ብትለው ጉድጓዱ አንተ ውስጥ ገባ።» አሉት።

ከዚያም ነገሩን አስረዱት። ደም ወደ እግር ሲወርድ ቁልቁለት ነው፣ ማንም አይረዳውም። ሲመለስ ግን ዳገት ነው፣ ደጋፊ ይፈልጋል። ያንተ ደም ወርዶ ወርዶ መመለሻ አጥቷል አሉት። መድኃኒት አለ፣ ግን ደንብ አለው አሉ። ባይለየኝ ደንብ ሲባል ጆሮውን አቆመ። ደንብ የሚያከብር ሰው ነበረ።

ደንቡም እንዲህ ነው። ቅጠሏ ከወንዙ ማዶ ባለው ኮረብታ አናት፣ ከአንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር ትገኛለች። በሽተኛው በገዛ እጁ ይለቅማታል። ጎሕ ሲቀድ ይነሣል፣ ቅጠሏን እስኪይዝ ድረስም ከማንም ጋር አይነጋገርም። ወንዙ ላይ ሲደርስ እስከ ጉልበቱ ይገባና መቶ እስኪቆጥር ይቆማል። ከዚያም ኮረብታውን ይወጣል። ሰባት ቅጠል ይለቅማል፣ ስምንተኛዋን አይነካም። ለነገ ብሎም አያሳድርም፣ ያደረች ቅጠል ኃይል የላትም። ከለቀመ በኋላ ወዲያው አይመለስም። ዋንዛው ሥር በጀርባው ይተኛና ሁለት እግሩን ግንዱ ላይ ሰቅሎ፣ ፀሐይዋ የእግሩን አውራ ጣት እስክትነካው ይቆያል። ከዚያ ቤቱ ገብቶ ቅጠሏን አፍልቶ ይጠጣል።

እማማ እናኑ የፀሐይዋ ነገር ላይ ሲደርሱ የባይለየኝ ፊት ጠቆረ። ፀሐይ ወጥታ እሱ ኮረብታ ላይ ሊተኛ ነው? ድሩስ ብቻውን ሊውል? አፍ አውጥቶ እምቢ አላለም። በሆዱ ግን ቅጠል ያው ቅጠል ነው፣ ማን ለቀመው ምን ያገባዋል አለ። እማማ እናኑን አመስግኖ ሸኛቸውና አትጠገብን ለመናት። እሷ ትሂድለት፣ ደንቡንም እሷው ትፈጽምለት።

አትጠገብም ሄደች። እሷም ብትሆን እኮ እግሯ ደኅና አልነበረም። ቁጭ ብላ ስትፈትል የምትውል ሴት እግሯ አይደነዝዝም እንዴ? ማታ ማታ ባቷን እያሸች ነበር የምትተኛው፣ እሷን ግን ማን ጠየቃት። ብቻ እንደታዘዘችው አደረገች። ወንዙ ውስጥ ቆማ መቶ ቆጠረች። ዳገቱን ወጣች። ሰባት ለቀመች። ሰው አየኝ አላየኝ ብላ ዞር ዞር አለችና እግሯን ግንዱ ላይ ሰቀለች። ካገባች ጀምሮ ማለዳን ብቻዋን አግኝታው አታውቅም ነበር። በሦስተኛው ቀን እያንጎራጎረች ተመለሰች። በሰባተኛው ቀን እንስራዋን አዝላ ከወንዙ ሽቅብ ስትፈጥን ያዩዋት ጎረቤቶች፣ የምንድረው ልጅሽን ነው ወይስ አንቺን እያሉ ሳቁባት።

ባይለየኝስ? ባይለየኝ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ቅጠሏን በየቀኑ ጠጣ። አልዋሽም፣ ማቃጠሉ ትንሽ ረገብ አለለት። እብጠቱ ግን ያው ነው፣ ክብደቱም ያው። ከዚያ በኋላም ሚስቱ ስትመላለስ፣ እሱ ሲጠጣ ሰነበተ። በታኅሣሥ ገብርኤል ሰሞን አንድ ቀን፣ ኩታው ገና ከእኩሌታ ሳያልፍ፣ ቀኝ እግሩን ርገጥ ቢለው እምቢ አለው። ግራውን አዘዘው። ግራውም እምቢ አለ። መወርወሪያው እጁ ላይ ቀረ። እጁ ደኅና ነው፣ ዓይኑ ደኅና ነው፣ ድሩ ተዘርግቷል፣ ልጁ ልትዳር ሃያ ምናምን ቀን ቀርቷታል። እግሩ ግን እንደ ሁለት ግንድ ተገትሯል። ባይለየኝ ፊቱን ድሩ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፣ የልጁን ኩታ በእንባው አራሰው።

እማማ እናኑ ተጠሩ። ባይለየኝ ተቆጥቶ ነው የጠበቃቸው። የጨነቀው ሰው ቁጣ ይቀናዋል።

ባይለየኝም፦ «እማማ፣ መድኃኒትዎ ሰው ይመርጣል እንዴ? የጠጣሁት እኔ፣ የዳነችው ሚስቴ።» አላቸው።

እማማ እናኑም፦ «ማን ለቀመ?» አሉ።

«እሷ።»

«ወንዝ ውስጥ ማን ቆመ? ዳገት ማን ወጣ?»

«እሷ።»

«ታዲያ ቅጠሏ ምን ታድርግ ልጄ? ደጇ የመጣውን አዳነች።»

ባይለየኝ አንገቱን ደፋ። ከዚያም የልቡን ተናገረ። ድሩ እንደሚቀየም፣ ፀሐይ ወጥታ ከጉድጓዱ ቢለይ የልጁን ትዳር በገዛ እጁ እንደሚበጥስ፣ ከዚያስ እግሩ ቢቆረጥ እንደሚሻለው ነገራቸው። እማማ እናኑ ደንቡ ውሸት ነው አላሉትም። አልሳቁበትምም። ሰው በሚፈራው ነገር ቢስቁበት ፍርሃቱ ይደበቃል እንጂ አይሄድም፣ እሳቸው ይህን ያውቁ ነበር። ጭራቸውን ይዘው ዝንብ ያባርሩ ጀመር።

ያን ጊዜ ይታይሽ ከጓዳ ወጣች። ስትሰማ ኖሯል። ልጅቷ ዓይነ አፋር ናት፣ አባቷ ፊት ቀና ብላ ተናግራ አታውቅም። በዚያ አገር ደግሞ አባት ልጁን የሚድረው ቆሞ ነው። እሱ ቆሞ ይመርቃል፣ እሷ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ትስማለች፣ ከዚያ ትወጣለች። ይታይሽ መጥታ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠች።

ይታይሽም፦ «አባዬ፣ እኔ በአሮጌ ነጠላም እዳራለሁ። ሰው ያለውን ይበል። ግን የቆመ ጉልበትህን ሳልስም ከወጣሁ፣ ወርቅ ብለብስስ ምን ያደርግልኛል?» አለችው።

 ባይለየኝ ስለ ኩታው ሲጨነቅ ጉልበቱን ጨርሶ ረስቶት ኖሯል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

አትጠገብ ብድግ አለች። እንዝርቷን ከግድግዳው አወረደች።

አትጠገብም፦ «ድሩ ባዶውን አይተው ነው አይደል የተባለው? እንግዲያው እኔ እቀመጥለታለሁ። ፈትሉ የኔ ነው፣ ያውቀኛል።» አለች።

በዚያች መንደር ሴት በሸማኔ ጉድጓድ ተቀምጣ አታውቅም።  እማማ እናኑ አትጠገብን ቀና ብለው አዩዋትና ፈገግ አሉ። እንደዚያ ያለ ፈገግታ ለሁሉ ሰው አይሰጡም ነበር።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ባይለየኝ ምርኩዝ ይዞ ወጣ። አትጠገብ እግሯን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዳ እንዝርቷን እያሾረች ቀረች። ከድሩ ጋርም ታወራ ነበር አሉ። አሁን ይመጣል፣ አንተም ታገሥ ትለው ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ጭንቅ ነበረ። ወንዙ ድረስ እግሩን እየጎተተ ሄደ። የታኅሣሥ ውኃ አጥንት ይሰብራል፣ መቶ ሊቆጥር ሠላሳ ላይ ጥርሱ ተንቀጫቀጨ። ግን ደንብ ነው፣ መቶ ሞላ። ኮረብታውን አራት ጊዜ አርፎ ወጣው። ቅጠሏንም አገኛት። ታናሽ ናት፣ መሬት ለመሬት ትሄዳለች፣ ስትገለበጥ ሆዷ ወይን ጠጅ ነው፣ ስትታሽ የሎሚ ልጣጭ ትሸታለች። ሰባት ለቀመ። ስምንተኛዋን አየት አድርጎ ተዋት። ከዚያም በጀርባው ተኛና እግሮቹን ግንዱ ላይ ሰቀለ።

እዚያ ተኝቶ ምን ሆነ መሰላችሁ? ከእግሩ አንድ ነገር ወደ ጭኑ፣ ወደ ወገቡ ሲመለስ ተሰማው። የተደፈነ ቦይ ሲከፈት ውኃው ቀስ እያለ እንደሚሄደው። ሃያ ዓመት የወረደ ደም አገሩ ሲገባ ነው። ደግሞም ሰማዩን አየ። ባይለየኝ ስመ ጥር ሸማኔ ስለነበረ የሙሽራ ድር ከቤቱ ጠፍቶ አያውቅም። እንግዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ ፀሐይ ስትወጣ ደጅ ሆኖ አይቷት አያውቅም ማለት ነው። ወንዙ ሲያበራ አየ። የመንደሩ ጭስ ሲነሣ አየ። የገዛ ቤቱን ከሩቅ አይቶ ትንሽነቷ ገረመው። ደስ አለው። ደስ ሲለው ደግሞ አፈረ፣ ሚስቱ ጉድጓድ ውስጥ ናታ።

በአምስተኛው ቀን ሁለት ጊዜ ብቻ አርፎ ወጣ። በአሥረኛው ቀን ምርኩዙን ዋንዛው ሥር ረስቶት መጣ፣ መርሳቱም ትዝ ያለው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። አንዳንድ ቀን እማማ እናኑ መንገድ ላይ ያገኙታል። ቅርጫታቸውን አዝለው ቀድመውት ያልፋሉ እንጂ አያነጋግሩትም፣ ደንብ ነው። አውራ ጣታቸውን ግን ቀና አድርገው ያሳዩታል። እሱም ይስቅና ባቱን በገዛ ጣቱ ይጫነዋል። የተጫነው ቦታ ወዲያው ይሞላ ነበር።

ማለዳውን ኮረብታ ላይ እየፈጀ ኩታው እንዴት ይደርሳል ማለታችሁ አይቀርም። እሱም ያንኑ ፈርቶ ነበር። ነገር ግን ከኮረብታው መልስ እግሩ መርገጫውን ሲመታው ከበሮ የሚመታ ነበር የሚመስለው። ቀድሞ ከንጋት እስከ ማታ እያቃሰተ ስንዝር የሚሄደው ሰውዬ፣ አሁን ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ ስንዝር ተኩል ይሄድ ጀመር። አትጠገብም ቅጠሏን አፍልታ ስትሰጠው አጠገቡ ትቀመጥና እሷም ትቀምስ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ ኩታው በጥምቀት ዋዜማ አለቀ። ባይለየኝ ቆርጦ አወረደውና ልጁ ትከሻ ላይ ጣል አደረገው። 

ጥር ሚካኤል ደረሰ። ዳስ ተጣለ። ጎረቤቶች ከየጓሮው ሣሩን ቅጠሉን አጭደው አምጥተው ዳሱን ጎዘጎዙት። ሙሽራው ከነአጃቢው መጣ። ያቺ አክስትም መጣች። ይታይሽ በኩታዋ ብቅ ስትል የሴቶቹ እልልታ መንደሩን አናጋው። አክስትየዋ ጠጋ ብላ ጥለቱን በሁለት ጣቷ ያዘችው። ፊቱን አየች፣ ገለበጠችና ጀርባውን አየች። ምላሷ ሾል ያለ ነው ብያችሁ የለ? ያን ቀን ግን ምላሷ ከአፏ አልወጣ አለ። ቆይታ ቆይታ «እጁን ይባርከው» አለች።

ይታይሽም አባቷ ፊት ዝቅ ስትል፦ «እግሩንም።» አለች።

ባይለየኝ ቆሞ ነበር። ምርኩዝ አልያዘም፣ ግድግዳ አልያዘም። ልጁ አንዱን ጉልበቱን ሳመች፣ ሌላውንም ሳመች። ሊመርቃት ጀመረና መሐል ላይ ድምፁ ተሰበረ። የቀረውን ምርቃት አትጠገብ ጨረሰችለት።

ከዚያም ባይለየኝ እንባውን ጠርጎ እግሩን ፈቀቅ ቢያደርግ አንድ ሽታ ሸተተው። የሎሚ ልጣጭ ሽታ ነው። ጎንበስ ብሎ ጉዝጓዙን አየ። ከሣሩ መሐል ታናሽ ቅጠል፣ ሆዷ ወይን ጠጅ። አንዲት ብቻ አይደለችም፣ እቅፍ ሙሉ ናት። ጎረቤቱን ይህን ከየት አጨዳችሁት ብሎ ጠየቀው። ጎረቤቱም ከራስህ ጓሮ ነው እንጂ፣ ሞልቶ የለም እንዴ አለው። ባይለየኝ የገዛ ጓሮውን በቀን አይቶት አያውቅም። ከጉድጓዱ የሚወጣው ሲመሽ ነበር፣ ኮረብታ መውጣት ከጀመረ ወዲህም በፊት ለፊት በር ነበር የሚወጣ የሚገባው።

ቅጠሏን ጨብጦ ሄደ። እማማ እናኑ ዳሱ ውስጥ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠው ጠላ ይዘዋል።

ባይለየኝም፦ «እማማ፣ ይቺ ከጓሮዬ የወጣች ናት። ያውቁ ነበር?» አለ።

«አውቃለሁ። ሚስትህም ታውቃለች።»

ባይለየኝ ወደ አትጠገብ ዞረ። አትጠገብ የዳሱን ጣሪያ ታይ ጀመር። ለካስ ገና በሁለተኛው ቀን ከኮረብታው ስትመለስ ቅጠሏን ጓሮ ውስጥ አይታት፣ ሮጣ ለእማማ እናኑ ነግራ፣ እሳቸውም ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም በይ ብለዋት ኖሯል። ይህን ሁሉ ዝም ብላ የቻለች ሴት ናት እንግዲህ። እንደዚያም ሆና ኮረብታውን መውጣት አላቋረጠችም ነበር።

ባይለየኝም፦ «ታዲያ ያን ሁሉ ዳገት ለምን አስወጡኝ?» አለ።

እማማ እናኑም ጠላቸውን አስቀመጡና፦ «ከጓሮህ ናት ብልህ ጉድጓድህ ውስጥ ሆነህ አምጡልኝ ትላለህ። ተነሥተህ ሂድ ብልህ ደንቡን ትጠራብኛለህ። እሾህን በእሾህ ካልሆነ በምን አወጣው ኖሯል ልጄ? በደንብ የተቀመጠ በደንብ ይነሣል። ስለ ቅጠሏ አልዋሸሁህም፣ የድርሻዋን አድርጋለች። ግን ቅጠል እግር የላትም።» አሉት።

ባይለየኝ ሊቆጣ ፈልጎ ቁጣው አልመጣለት አለ። ከዚያም፣ ልጁ እሱን እንደሳመችው፣ ዝቅ ብሎ የእማማ እናኑን ጉልበት ሳመ። ዳሱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ተነሣ። የሰማንያ ዓመት ጉልበት፣ ስንቱን ዳገት የወጣ ጉልበት፣ እውነት ለመናገር መሳም ሲያንሰው ነው።

ይታይሽ ሄደች። ሰርጉ አለቀ፣ እንግዳው ተበተነ። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ባይለየኝ ነቃ። ድር የለም፣ የተቆረጠ ሰርግ የለም፣ የሚያስቸኩለው ነገር የለም። እግሩም ድኗል። በጓሮ በር ወጣ። ቅጠሏ ከአጥሩ ሥር ከታጨደችበት ተርፋ፣ ጤዛ አርፎባት፣ እጁን ቢዘረጋ የሚደርስባት ቦታ ላይ ናት። ቆሞ አያት። ከዚያም አልፏት ወደ ወንዙ ወረደ። እስከ ጉልበቱ ገብቶ መቶ ሲቆጥር ኋላው ውኃው ተንቦራጨቀ። አትጠገብ ነበረች። ደንብ ነውና አልተነጋገሩም፣ ተከታትለው ዳገቱን ወጡ።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የዚያች መንደር ደንብ ተለወጠ ይባላል። የሙሽራ ድር የዘረጋ ሸማኔ በማለዳ ወንዝ ተሻግሮ፣ ኮረብታ ወጥቶ፣ ፀሐይ አውራ ጣቱን ሳትነካው ጉድጓድ አይገባም። ከገባ ድሩ ይቀየማል። ይህንንም ደንብ ሁሉም እንደ ፊተኛው ይፈሩታል። ማን እንዳወጣው ግን እናንተ ታውቃላችሁ።

የቅጠሏን ስም አትጠይቁኝ። ጓሯችሁ ውስጥም ትኑር አትኑር፣ ነገ በማለዳ ወጥታችሁ እዩ።

በሉ እንግዲህ፣ ተረቴን በጆሯችሁ ወስዳችኋል፣ ለአፌ ደግሞ ቂጣ መልሱልኝ። አንተ አምጣ፣ አንቺ አምጪ መባባል የለም። ሁላችሁም በገዛ እግራችሁ ተነሡና ሂዱ።